ከጉድጓድ «አለሁ» ያለው

አሶሳ፣ አምባ ዘጠኝ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለእየሩስ ታምሩ
በርገን፣ ኖርዌይ

የሰው አገር ብርድ ሳይጫንሽ፣ ጤናሽ ሳይጓደል፣ ሥራሽም ሳይከብድሽ ይህች ወረቀት እጅሽ ትግባ። እኛ በአምባ ዘጠኝ የምንገኝ ዘመዶችሽ ከአንድ ነገር በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ያንን አንድ ነገር ከዚህ ቀጥዬ እጽፍልሻለሁ።

መቼም ደብዳቤ ስታዪ፣ «ጋሼ አምባው ሳያረጅ ጃጀ፤ ስልክ እያለ ፖስታ ቤት ምን ወሰደው?» ማለትሽ አይቀርም። ስልኬ ከሥራ ውጭ ሆኗል። ደግሞም የምጠይቅሽ ነገር በስልክ አይሆንም። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ግማሹ ይሰማል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ የመሰለውን ይይዛል። ወረቀት ቢዘገይም ያሉትን እንዳሉት ያደርሳል።

በቃሉን ታስታውሺዋለሽ፤ የእኅቴ የአሰለፈች አንድ ልጇ፣ ለትምህርት ስትሄጂ ሻንጣሽን ተሸክሞ መናኸሪያ ያደረሰሽ። አሁን የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው፤ አራት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለችው። እህሉ ከገባ በኋላ እንደ ሁሉም ሰው ወርቅ ይቆፍራል። የምንሠራበት ጉድጓድ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ፣ ዐወድ በሚባል የበርታ ሰው መሬት ላይ ነው። ከዐወድ ጋር ስምንት በጋ አብረን ሠርተናል፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገርንም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዱ ሥር ሆኖ ይቆፍርና ባልዲ ይሞላል፤ ሲሞላ ገመዱን ይነቀንቃል። ላይ ያለው መዘውሩን አዙሮ ያወጣል። ሦስተኛው አፋፉ ላይ ቆሞ ባልዲውን ይቀበልና አፈሩን ይደፋል። ባልዲ ሲዘገይ ከላይ «አለህ?» ተብሎ ይጠራል፤ ከሥር «አለሁ!» ይባላል። ሌላ መሣሪያ የለንም።

በጥር መጨረሻ ገደማ በቃሉ ሥር እንዳለ አየር አጠረው። ጉድጓዱ ዐሥራ ስምንት ሜትር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ወደ ጎን ተቆፍሯል። መዘውሩ ላይ የነበረው ዐወድ ነው። እኔም እዚያው አካባቢ ነበርኩ። ስናወጣው ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር፤ ትንፋሹ ቀጠነች እንጂ አልጠፋችም። ሆስፒታል ዐሥራ ሁለት ቀን ተኝቶ ወጣ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል። አሁን ይበላል፣ ተደግፎ ይሄዳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቃል አይወጣውም። ልጁን የሚያያት እንደ ጎረቤት ልጅ ነው።

ባለፈው በስልክ ስለ ሥራሽ ስትነግሪኝ ብዙውን ባልሰማም፣ አየር ስላጣ አንጎል እንደምትመራመሪ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ንገሪኝ። አንጎል አየር ሲያጣ ምን ይሆናል? መድኃኒትስ አለው? በቃሉ ይመለሳል ወይ? አሰለፈች መልስሽን እየጠበቀች ነው፤ ዶክተር ናት ብያታለሁ።

ከአገር ወጥተሽ ከአፋችን ያልወጣሽው ልጃችን፣ በሄድሽበት ሁሉ እመብርሃን ትቅደምልሽ።

የአባትሽ የአጎት ልጅ
አምባው


በርገን
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ አምባው

ለእርስዎ፣ ለእትዬ አሰለፈችና ለመላው ቤተሰብ ጤናና ትዕግሥት እመኛለሁ። እኔ አለሁ። እዚህ ዝናቡ እንደ አሶሳ ሐምሌ ነው፤ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ መሆኑ ነው። ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ አራት ጊዜ ደወልኩ፤ ስልክዎ ዝግ ነው።

የበቃሉ ነገር በጣም አሳዘነኝ። ያን ዕለት ሻንጣዬን ተሸክሞ ሲሄድ «ድንጋይ ነው እንዴ የምትወስጂው፣ እዚያ የለም?» እያለ ሲያስቀኝ ነበር።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስተካክል። እኔ ሰው የማክም ዶክተር አይደለሁም። ሥራዬ የአይጥ የአንጎል ሕዋሳትን በብርጭቆ ሳህን ማሳደግ ነው። ሳህኑን ሳጥን ውስጥ አስገብቼ አየሩን አስወጣለሁ፣ የሚሆኑትን እመዘግባለሁ፤ አየሩን እመልሳለሁ፣ እንደገና የሚሆኑትን እመዘግባለሁ። እትዬ አሰለፈች ይህን ይወቁልኝ፤ ከማውቀው በላይ ተስፋ መስጠት አልፈልግም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። በእያንዳንዱ የአንጎል ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ እጅግ ደቃቅ አካላት አሉ፤ በመቶና በሺ ይቆጠራሉ። ከምንበላው ምግብ ለሕዋሱ ጉልበት የሚያወጡት እነሱ ናቸው። አሠራራቸውን ከእናንተው ሥራ ተውሼ ልንገርዎ። ሰዎች ተሰልፈው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ ያስቡ። ባልዲው በእያንዳንዱ እጅ ሲያልፍ ጥቂት ጥቂት ጉልበት ይገኛል። በሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ባልዲውን የሚቀበለውና የሚደፋው ኦክስጅን ነው፤ ከአየር የምንስበው። ያ የመጨረሻው ተቀባይ ዞር ካለ ከፊቱ ያለው ሰው ባልዲውን እንደ ያዘ ይቀራል፤ ከዚያ በፊት ያለውም እንደዚሁ፣ እስከ መጀመሪያው ድረስ። ማንም አልሰነፈም፤ ሥራው ግን ቆመ።

ጡንቻ ያለ አየር ትንሽ ይታገሣል። አንጎል ግን ጎተራ የለውም፤ የዕለቱን በዕለቱ ነው የሚበላው። አየር ፈጽሞ ከጠፋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል። ያኔ ማይቶኮንድሪያው ወደ ኋላ መሥራት ይጀምራል፤ ጉልበት ማምረቱን ትቶ የተረፈችውን ራሱ ይበላታል። ቅርጹም ይለወጣል፤ እንደ ረጅም ክር የነበረው ይቆራረጣል።

ሰው የማይጠብቀው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ጉዳቱ አየር ሲመለስም ይቀጥላል። ተቀባዩ በድንገት ሲመጣ ባልዲ ይዞ የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወረውርበታል፤ ግማሹ ይደፋል፣ የተደፋውም ሕዋሱን ያቃጥላል። ስለዚህ በቃሉ ወጥቶ መተንፈስ ከጀመረ በኋላም ጉዳት ደርሶበታል ማለት ነው። ያ የማንም ጥፋት አይደለም።

የሞተ ሕዋስን የሚያስነሣ መድኃኒት የለም። ያልሞቱት ግን የሞቱትን ሥራ ቀስ በቀስ ሊማሩ ይችላሉ፤ ይህ ወራት ይፈጃል፤ ልምምድም ይፈልጋል። በየቀኑ ያናግሩት፤ ባይመልስም ጠይቀውት መልሱን ይጠብቁ። እጁን ያሠሩት። ሆስፒታሉ የሰጠውን ቀጠሮ አያሳልፉ።

እንዲገባኝ ጥቂት ነገር ይጻፉልኝ። ስንት ደቂቃ ነው የቆየው? አየር እንዳጠረው መጀመሪያ ያወቀ ማን ነው? እርስዎስ የት ነበሩ?

በቸር ያገናኘን፤ በአክብሮት፣
እየሩስ


አሶሳ፣ አምባ ዘጠኝ
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩስ

የትንሣኤው ጌታ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ፋሲካው ካለፈ ቆይቷል፤ ደብዳቤሽም ከደረሰኝ ወር አልፎታል። መልሱ የዘገየው በእኔ ነው።

ለአሰለፈች አነበብኩላት። ያልገባትን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። እንዳልሽው እጁን ኳስ እያስጨበጠች ታለማምደዋለች። ቃል ግን እስካሁን የለም። የመጨረሻው ተቀባይ ያልሽውን እኔ ለብቻዬ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሌላ ምሳሌ አጥተሽ ነው?

ስንት ደቂቃ ላልሽው፣ ሰዓት አላየንም። በባልዲ ብንቆጥር የሦስት ባልዲ ጊዜ ይሆናል።

አሁን የማስቸግርሽ ሌላ ነገር ነው። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀርቧል። የእኛም የበርታዎቹም ሽማግሌዎች አሉ፤ መሐል እንዲሆኑ ከባምባሲ ኦቦ ሁንዴሳ የሚባሉ ትልቅ ሰው መጥተዋል። ጸሐፊው የያዘውን ቃል እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

«ዐወድ ሲጠየቅ እንዲህ አለ። ‹የአስተርእዮ ማርያም በነጋው፣ ሐሙስ፣ አራት ሰዓት አለፍ ብሎ። አምባው ዞር አለ። ባልዲ ወረደ፣ ገመድ አይነቃነቅም። እኔ ጠራሁ፤ አለህ? አልኩ። እሱ አለሁ! አለሁ! አለ፤ ሁለት ጊዜ። ወላሂ በጆሮ ሰማሁ። ድንጋይ ጠንካራ መጣበት መሰለኝ፣ ጠበቅሁ። አምባው መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ድምፅ የለም አለ። እኔ በገመድ ወረድኩ፣ ጨርቅ አፍ ላይ አሰርኩ፣ ልጁን አወጣሁ።› አምባው ሲጠየቅ ሽንት ሊሸና ዞር ብሎ እንደ ነበር ተናገረ።»

አሰለፈች አላመነችውም። «አየር አጥቶ የወደቀ ሰው ሁለት ጊዜ አይጮኽም፤ ዐወድ አልጠራውም፤ ሲጨነቅ የፈጠረው ነው» ብላለች። ዐወድ ቁርአን ይዤ እምላለሁ ብሏል፤ የእኛዎቹ መሐላውን አንቀበልም አሉ። በዚህ መሐል ነገሩ የሁለት ሰው መሆኑ እየቀረ የሁለት መንደር እየሆነ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ የእኛ ልጆች ከበርታ ነጋዴ አንገዛም ብለው ተመለሱ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እዚህ ስላየነው ነገር አልጽፍልሽም፤ ታውቂዋለሽ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ጻፊልኝ። አየር ያጠረው ሰው ጮክ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ፣ በትክክል መልሶ ወዲያው ሊወድቅ ይችላል የሚል። የዩኒቨርሲቲሽ ማኅተም ይኑረው። ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ዐወድ እውነተኛ ሰው ነው፤ በውሸት እየተከሰሰ ነው። ሽማግሌዎቹ ለክረምቱ ሳይበተኑ ብትልኪው መልካም ነው።

ለደከምሽልን የእጅሽን ፍሬ ያብዛልሽ።
አምባው


በርገን
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባው

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ። መልስዎ በመዘግየቱ አልተቀየምኩም፤ መንገዱም ረጅም ነው።

የጠየቁኝን ወረቀት መጻፍ ጀምሬ ነበር። እስከ የት እንደ ደረስኩ ልንገርዎ።

አየር ቀስ በቀስ ሲያንስ ሰውዬው አይታወቀውም። እንደ ሰከረ ሰው ይሆናል፤ ያሳቀዋል፣ ቃሉ ይንተባተባል፣ እጁ ይዝላል። አንጎል ጉልበት ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያደርገው ወሬ መቀነስ ነው፤ ሕዋሳቱ እርስ በርስ መላላካቸውን ያቆማሉ፤ ያለችውን ጉልበት በሕይወት ለመቆየት ብቻ ያውሏታል። ስለዚህ ሰው ሲጠራ የተኮላተፈ መልስ ሰጥቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ልጽፍ እችላለሁ፤ እውነት ነው።

ጮክ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ ሁለት ጊዜ የሚለውን ግን ልጽፈው አልቻልኩም። ገመዱ መነቃነቅ ካቆመ በኋላ ከሆነ በጭራሽ የማይመስል ነገር ነው። እጁ ባልዲ ለመሙላት ካልበቃ ከዐሥራ ስምንት ሜትር ሥር እንዲያ የሚያስጮኽ ጉልበት ከየት ያመጣል?

እዚህ ላይ ቆምኩ። አንድም ዐወድ ይዋሻል፤ አንድም የሰማው የበቃሉን ድምፅ አይደለም። እርስዎ ደግሞ ዐወድ እውነተኛ ነው ብለውኛል።

ከዚያ ቀኑን አየሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ «በጥር መጨረሻ ገደማ» ነበር ያሉኝ። የአስተርእዮ ማርያም በነጋው ጥር 22 ነው። ስልኬን ከፍቼ የድሮ ጥሪዎቼን ፈለግኩ። በዚያ ሐሙስ በኖርዌይ ሰዓት ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ለእርስዎ ደውያለሁ፤ በእናንተ አራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት መሆኑ ነው። እንኳን አደረሰዎ ለማለት ነበር። ወደ ሥራ እየሄድኩ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። የተነጋገርነው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ስልኩ መዝግቦታል።

መስመሩ መጥፎ ነበር። «ጋሼ፣ አሉ? አሉ?» እያልኩ እጮኽ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። እርስዎም ይመልሱልኝ ነበር። ምን ብለው እንደ መለሱልኝ እኔም እርስዎም እናውቃለን።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ያኔ የት ቆመው ነበር?

ይህን ሳይመልሱልኝ ወረቀቱን አልጽፍም። እየከሰስኩዎ አይደለም። በሥራዬ ግን ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ መፈረም አልችልም፤ ማኅተም ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

እየሩስ


በርገን
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባው

ጾሙ በሰላም ያልፍልዎ ዘንድ እመኛለሁ። ከሁለት ወር በላይ ዝም ብለውኛል። ክረምቱ ነው፣ መንገዱ ነው እያልኩ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ለሽማግሌዎቹ በቀጥታ መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም፤ ከእርስዎ አፍ ቢወጣ ይሻላል ብዬ ነው። ነገር ግን እየጠበቅኩ ያለሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያስቡ። ዐወድም እየጠበቀ ነው፤ ምን እንደሚጠብቅ ግን አያውቅም።

ከሥራዬ አንድ ነገር ልንገርዎ። አየር ሲያጡ ይቆራረጣሉ ያልኩዎት ማይቶኮንድሪያ፣ አየሩ ከተመለሰ በኋላ ጊዜ ከተሰጣቸው አንዳንዶቹ መልሰው ይገጣጠማሉ። እንደ ድሮው አይሆኑም፤ ይሠራሉ ግን። ባለፈው ሳምንት በማጉያው ሳይ እንዲህ ያለ ሁለት ቁራጭ አየሁ፤ ለመቀራረብ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ከመቀመጫዬ ሳልነሣ አየኋቸው። ስለ በቃሉ ተስፋ ለመስጠት አይደለም የምጽፈው፤ ሳህንና ሰው አንድ አይደሉም።

የደወልኩት እኔ ነኝ። አፋፉን ትተው የሄዱት ለእኔ ስልክ ነው። የእኔን ድርሻ ማንሣት ካስፈለገ ስሜን ይጥሩ፤ አላፍርም፣ አልክድምም። እውነቱን ለመናገር ከሰኔ ወዲህ ሳጥኑን በዘጋሁ ቁጥር ሰዓት አያለሁ። ፈርቻለሁ፤ አዝኛለሁም።

እየሩስ


አሶሳ፣ አምባ ዘጠኝ
መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩስ

ዘመኑን የለወጠልን አምላክ ይመስገን፤ አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። እዚህ ዝናቡ ሊያበቃ ነው፤ በቆሎው ደርሷል።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አፈር ክምሩ ጀርባ ነበርኩ።

ስልኩ ሲጮኽ የኖርዌይ ቁጥር መሆኑን አየሁ። በዚያ ሜዳ ኔትወርክ የሚገኘው ከአፈር ክምሩ ጀርባ ብቻ ነው፤ ከአፋፉ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ለዐወድ «መጣሁ» ብዬው ሄድኩ። ስልክ መሆኑን አልነገርኩትም፤ በሥራ ሰዓት ስልክ እንዳይነሣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኛ! አንቺ «አሉ? አሉ?» ትያለሽ፣ እኔ «አለሁ! አለሁ!» እያልኩ እጮኻለሁ። የጮኽኩት አንቺ እንድትሰሚ ነው። የሰማው ዐወድ ነው። ክምሩ እኔን ጋርዶ ድምፄን አፍኖታል፤ ከጉድጓዱ የወጣ ነው የመሰለው፤ በዚያ ላይ የእኔና የበቃሉ ድምፅ ይመሳሰላል፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነው።

በዚያው ቀን ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ዐወድ ለአሰለፈች «መልሶልኝ ነበር» ሲላት የማን ድምፅ እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ። አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግሥቱ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ነገ ነገ እያልኩ ስምንት ወር ሆነ። ለዐወድ መዳኛ ከአንቺ ወረቀት ላመጣለት ነበር ሐሳቤ፤ እሱም ይዳን፣ እኔም ልትረፍ ብዬ። በአንድ ወረቀት ሁለት ሰው ላድን። ዕውቀትሽን ለሽፋን ፈለግኩት፤ በዚህ ይቅር በዪኝ።

መስከረም 18 ሽማግሌዎቹ ከክረምት በኋላ መጀመሪያ ተቀመጡ፤ በዐወድ ማሳ ዳር ካለው ማንጎ ሥር። አሰለፈች በቃሉን ይዛው መጥታ ነበር። ኦቦ ሁንዴሳ «የቀረ ቃል ያለው አለ?» ብለው ዙሪያውን አዩ። ተነሣሁ። «አለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከእየሩስ ጋር በስልክ እየተነጋገርኩ ነበር» አልኩ። ከዚያ በላይ የሚጨመር አልነበረም።

ዐወድ ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «አምባው፣ ስምንት ወር እኔ ውሸታም ሆንኩ። ልጄ ዓኢሻ ውሃ ስትቀዳ የውሸታም ልጅ አሏት። አንቺ ታውቂ ነበር?» አለኝ። አማርኛው ሲቸኩል ወንዱንና ሴቱን ያምታታበታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅበት ነበር። አውቅ ነበር አልኩት። በትሩን አነሣ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፣ «እኔ ጨረስኩ» ብሎ ተቀመጠ።

አሰለፈች አላለቀሰችም። «ስንት ደቂቃ?» አለችኝ።

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ አንድ ደቂቃ ምን አወራችሁ?»

«ስለ ሥራዋ ስትነግረኝ ነበር።»

«ሥራዋ ምንድን ነው?»

ታውቃለች እኮ፤ ደብዳቤሽን ያነበብኩላት እኔው ነኝ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ዐወድን በሁለቱም መንደር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ስሙን ጠርቼ ይቅርታ እንድጠይቅ፤ አድርጌዋለሁ። ሆሞሻ መንገድ ያሉት ሰዎች ሰምተው ተበተኑ፤ ዐወድ እስካሁን ሰላምታዬን የሚመልሰው በጭንቅላቱ ነው። የበቃሉን መሬት በየዓመቱ እኔ እንዳርስ፤ አሰለፈች እስክትፈቅድ ድረስ ግን ቤቷ እንዳልገባ፣ ከደጅ እንድቆም። ጉድጓዱ እንዲደፈን። ኦቦ ሁንዴሳ ደግሞ ከራሳቸው አንድ ነገር ጨመሩ። ከእንግዲህ በዚህ አካባቢ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው «አለህ?» ሲባል «አለሁ» አይበል፤ የራሱን ስም ይናገር አሉ። «አለሁ የሁሉም ሰው ቃል ነው፤ ስም ግን የአንድ ሰው ነው» አሉ። ሁለቱም ወገን እጁን አነሣ። እህሉ ገብቶ ቁፋሮው ሲጀመር ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ብታልፊ ከየጉድጓዱ የሰው ስም ሲጠራ ትሰሚያለሽ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ልንገርሽ። የዛሬ አምስት ቀን እንደ ፍርዱ ማሳውን አይቼ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። አሰለፈች በቃሉን ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ኳሱን ታስጨብጠዋለች። አዲሱን ደንብ ለልምምድ ይዛዋለች። «በቃሉ፣ አለህ? ስምህን ተናገር» ትለዋለች፤ አንቺ እንዳልሽው ትጠብቃለች፤ ደግማ ትጠይቀዋለች። ከጥር ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አምባው» አለ።

እኔን አይቶ አይደለም፤ ፊቱ ወደ እሷ ነበር፤ እኔ ከኋላው፣ ከአጥሩ ውጭ ነኝ። ደግሞ «አምባው» አለ፤ በቀስታ፣ ከሩቅ ሰው እንደሚጠራ አድርጎ። ዐወድ ገመዱ እንዳልተነቃነቀ ነው የተናገረው፤ ከሥር ጥሪ ሰምቻለሁም አላለም። መዘውሩ ይንጫጫል፤ መዘውሩ አጠገብ ለቆመ የደከመ ድምፅ አይሰማውም። የሚሰማው አፋፉ ላይ ቆሞ ባልዲ ለሚቀበለው፣ ለእኔ ነበር።

ሳይንሱ ምን እንደሚል አልጠይቅሽም። ምናልባት አንጎሉ ያገኛትን አንዲት ቃል አውጥቶ ይሆናል፤ ምናልባት ሌላ ነው። ወረቀት እንድትጽፊበትም አልፈልግም። አሰለፈች ቀና ብላ አየችኝ። ኳሱን ከእጁ ወሰደች። ከዚያ የአጥሩን በር ከፈተችልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ስልኬን ከሣጥን አውጥቼዋለሁ፤ መደወል ትችያለሽ፤ ጠዋት ግን አላነሣም። እሱ «አምባው» ይላል። እኔ «አለሁ» እለዋለሁ።

አምባው